የአውድማ አቧራና የደረት ውጋት

በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ የደረቀ የሰሊጥ ነዶ በሸራ ላይ ሲራገፍ፣ ማሽላም ሲወቃ የሚነሣው አቧራ ዓመት በዓመት ሳንባ ውስጥ ይገባል። ሳል ይበረታል፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ ጎንና ደረት ይወጋል። የሻገተ ገለባ የሚያገላብጥ ሰውማ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሲለው ወባ ሊመስለው ይችላል።

ልብ በሉ፤ ሳንባ ራሱ ሕመም አይሰማውም። የሚወጋው የደረትን ግድግዳ ከውስጥ የሸፈነው ስስ ሽፋንና በሳል ብዛት የደከመው የጎድን ጡንቻ ነው። ስለዚህ ውጋቱ በክኒን ጸጥ ያለለት ሰው ዳንሁ ብሎ ወደ አቧራው ቢመለስ፣ ጉዳቱ ሳይሰማው ይቀጥላል።

ሳል ሲመጣ ጋቢ አጥፎ የሚያመውን ጎን ደግፎ መያዝ ያሳርፋል። ትንፋሽ ሲያጥር ተቀምጦ ወደ ፊት ዘንበል ማለት፣ በአፍንጫ ስቦ በተሰበሰበ ከንፈር ቀስ ብሎ ማስወጣት ይገባል። ለዐዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል አንድ ወይም ሁለት በየ6 ሰዓቱ ይወሰዳል፤ በ24 ሰዓት ከ8 አይበልጥም። ጉበቱን የታመመና አረቄ የሚያዘወትር አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ። አስፕሪንና ዲክሎፌናክ አስም ሊያስነሡ ስለሚችሉ በሱቅ ምክር አይገዙ።

ሳሉ 2 ሳምንት የቆየ እንደ ሆነ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል አክታው ይመርመር። ደም የተፋ ወይም ድንገት ብርቱ ውጋት የያዘው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሲያዘሩ ነፋሱን ከጀርባ ማድረግ የታወቀ ነው፤ በመውቂያ ሞተር ዘንድ ግን ይረሳል። ነጠላ ደቃቁን አቧራ አያግድም። የቀን ሠራተኛ ደመወዙን ፈርቶ ሕመሙን ይደብቃልና፣ የልማት ሠራተኛው ባለ እርሻውን አነጋግሮ የሚያስለውን ሰው ከአቧራው ርቆ ጆንያ እንዲሰፋ ያስደርግ፤ ደመወዙም አይቀነስበት።