ስለ ሽጉጥ ገጽ፤ ሰማያዊው ወይስ ኒኬሉ?

የበቾ ሜዳ በክረምት ውሃ ስለሚተኛበት በተፍኪ ብረት ቶሎ ይዝጋል። ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝም ሆነ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ ነው፤ የሚከተለው ትምህርት ግን ለመቀስና ለጓጉንቸር ሻጭም ይጠቅማል።

የሬቮልቨር ሽጉጥ ጥቁር ሰማያዊ መልክ ቅብ አይደለም፤ የብረቱ ገጽ በኬሚካል ተለውጦ የሚገኝ እጅግ ስስ ልባስ ነው። ዘይት ካልተቀባ እርጥበትን እምብዛም አይከላከልም፤ ሆኖም ዝገቱ ሲጀምር ወዲያው ይታያል። ኒኬል ግን በላዩ የተለበጠ ሌላ ብረት ስለሆነ እርጥበትን አብልጦ ይችላል። አንድ ጊዜ ከተላጠ ግን ዝገቱ ከሥር ይስፋፋል፤ ላዩ ስለሚያብረቀርቅ ባለቤቱ አይጠረጥርም። አሞኒያ ያለበት ማጽጃም ይጎዳዋል።

በእኛ አስተያየት ዘይት መቀባትን ለማይዘነጋ ሰው ሰማያዊው፣ ለዝንጉ ኒኬሉ ይሻላል። ሁለቱንም ቢሆን በቆዳ ማኅደር ውስጥ ማክረም አይገባም፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛልና።