ክረምት ያሳበጠውን በር መላግ፦ የአነስተኛ የእጅ መላጊያ ምርጫና አጠቃቀም በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ

መግቢያ

በጎንደር ከተማም ሆነ ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚዘልቀው ደጋ፣ ሐምሌ ሲገባ የእንጨት በሮች መጥበቅ ይጀምራሉ። በበጋ በአንድ ጣት ይገፋ የነበረ መዝጊያ በክረምት መቃኑን እየነካ በትከሻ ካልተገፋ አይዘጋም። ባለቤቱ አናጢ ይጠራል፤ አናጢውም ረጅሙን መላጊያ ይዞ ጠርዙን በረጅሙ ይልገዋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ተከራይቶ ይኖርበት የነበረው ቤት የጽድ በር በዚህ መንገድ ነሐሴ ላይ ተላገ፤ በሩም በሚገባ ተዘጋ። ጥር ላይ ግን በመዝጊያውና በመቃኑ መካከል ትንሽ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ታየ። የተላገው እንጨት ተመልሶ አይቀጠልምና ክፍተቱ በጨርቅ ተወትፎ ከረመ።

ይህ ለኪራይ ቤት ቀላል ጉዳት ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የፋሲል ግቢ፣ በአብያተ ክርስቲያናትና በከተማዋ አሮጌ ቤቶች ለሚገኙ በርና መስኮቶች ግን እያንዳንዱ ፍቅፋቂ ከቅርሱ አካል የሚቀነስ ነው። ስለዚህ የጽሑፉ ጥያቄ ሁለት ነው፤ ለአካባቢው እንጨት የሚስማማው አነስተኛ መላጊያ የትኛው ነው? በምን ያህልና መቼስ ይላጋል?

እንጨቱ ለምን ያብጣል?

እንጨት በአካባቢው አየር ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ዘወትር ይላመዳል። እርጥበት ሲስብ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል። ለውጡ በቁመቱ እዚህ ግባ የማይባል ሲሆን በወርዱ ግን ጎልቶ ይታያል። የዓመት ቀለበቶቹን ተከትሎ የሚታየው ለውጥ፣ ከግንዱ እምብርት ወደ ቅርፊቱ ከሚታየው እጥፍ ገደማ ይሆናል።

መጠኑን ለመገመት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከሰፋፊ ሳንቃዎች የተገጣጠመ 80 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው መዝጊያ አለ እንበል። የእንጨቱ እርጥበት በበጋና በክረምት መካከል በ3 በመቶ ቢለያይ፣ እንጨቱም ለእያንዳንዱ 1 በመቶ እርጥበት ወርዱ በ0.2 በመቶ ቢለወጥ፣ መዝጊያው 4.8 ሚሊ ሜትር ይሰፋል ማለት ነው። ሳንቃው በሌላው አቅጣጫ የተሰነጠቀ ከሆነ ለውጡ ወደ 2.4 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ስሌቱ ግምታዊ ቢሆንም አንድ ነገር ያሳያል፤ አናጢው በነሐሴ «ለእጅ እንዲመች» ብሎ የሚጨምራት 3 ሚሊ ሜትር በበጋው መጥበብ ላይ ተደምራ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ክፍተት ትደርሳለች።

የመላጊያው ምርጫ

አነስተኛ መላጊያ የሚባለው ርዝመቱ ከ15 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ ነው። ረጅሙ መላጊያ የተፈጠረው ረጅም ጠርዝ ለማቅናት በመሆኑ ጉብታውን ብቻ መርጦ ሊያነሳ አይችልም። አነስተኛው ግን መቃኑን የሚነካውን አንድ ስንዝር ቦታ ለይቶ ይልጋል። ለበር ጥገና ተመራጭ የሚያደርገውም ይህ ነው።

በምርጫ ጊዜ ቀዳሚው ጉዳይ የምላጩ አቀማመጥ ነው። በአብዛኞቹ የብረት አነስተኛ መላጊያዎች የምላጩ ሞረድ የወጣበት ተዳፋት ወደ ላይ ይዞራል። በዚህ ጊዜ እንጨቱን የሚያገኘው የመቁረጫ ማዕዘን የምላጩ ማረፊያ ማዕዘንና የተሳለበት ማዕዘን ድምር ነው። ማረፊያው 12 ዲግሪ፣ ስለቱ 25 ዲግሪ ከሆነ 37 ዲግሪ ይሆናል፤ ማረፊያው 20 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ 45። ተዳፋቱ ወደ ታች በሚዞርበት የተለመደ መላጊያ ግን ማረፊያው ራሱ 45 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ስለቱ በየትኛውም ማዕዘን ቢሳል የመቁረጫው ማዕዘን አይለወጥም።

ይህ ልዩነት ለአካባቢያችን እንጨት ትርጉም አለው። ጽድ ቃጫው ቀጥ ያለ፣ ነገር ግን በቀላሉ የሚሰነጠቅ ነው፤ ስለታም ምላጭና 45 ዲግሪ ይበቃዋል። ዋንዛ ለስላሳና ለሥራ የሚመች ቢሆንም ቃጫው አልፎ አልፎ እየተጠላለፈ ይቦጨቃል። ወይራ ከባድና ጠንካራ፣ ቃጫውም የተወሳሰበ ነው፤ ባሕር ዛፍም ብዙ ጊዜ ጠምዛዛ ቃጫ አለው። ለእነዚህ ከ50 እስከ 55 ዲግሪ የሚደርስ ማዕዘን መቦጨቅን ይቀንሳል። በአንጻሩ የመዝጊያው ግርጌና አናት ላይ የሚታየው የተቆረጠ የእንጨት ጫፍ ዝቅተኛውን 37 ዲግሪ ይመርጣል።

ከዚህ የሚከተለው ምክር ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። ማረፊያው 12 ዲግሪ የሆነ አንድ መላጊያና ሁለት ምላጭ መያዝ በቂ ነው። አንዱ ምላጭ በ25 ዲግሪ ሲሳል ለተቆረጠ ጫፍ፣ ሁለተኛው በ38 ዲግሪ ሲሳል ድምሩ 50 ስለሚሆን ለተወሳሰበ ቃጫ ያገለግላል።

ቀጥሎ የሚታየው አፉ ነው። በምላጩና ከፊቱ ባለው ብረት መካከል ያለው ክፍተት ለስስ ሥራ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ጠባብ አፍ ቃጫው ከመቆረጡ በፊት እንዳይነሳ ይጫነዋል። ስለዚህ አፉን ማጥበብና ማስፋት የሚቻልበት መላጊያ ይመረጥ። የታችኛው ገጽም በቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ይፈተሽ፤ ቢያንስ የፊቱ ጫፍ፣ የአፉ ዙሪያና የኋላው ጫፍ በአንድ መስመር ማረፍ አለባቸው።

አጠቃቀም

መጀመሪያ ጥፋቱ የእርጥበት መሆኑ ይረጋገጥ። ብዙ ጊዜ በር የሚጠብቀው አብጦ ሳይሆን የማጠፊያው ብሎን ላልቶ ስለዘመመ ነው፤ ይህ በብሎን መፍቻ እንጂ በመላጊያ አይስተካከልም። ከዚያ የመቃኑ ውስጠኛ ጠርዝ ጠመኔ ተቀብቶ በሩ ይዘጋ። ጠመኔው በመዝጊያው ላይ ያተመበት ቦታ ብቻ የሚላገው ነው።

ምላጩ በመሳያ ድንጋይ ተስሎ፣ በጀርባው የሚቀረው ቀጭን የብረት ጭረት ሙሉ በሙሉ መወገድ አለበት። ምላጩ በጥቂቱ ወጥቶ በመጀመሪያ በማይፈለግ ቁራጭ ላይ ይሞከር። አንድ ፍቅፋቂ ከ0.1 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ከተደረገ፣ አሥር ጊዜ መመላለስ የሚያነሳው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ሠራተኛውም በየመካከሉ በሩን ዘግቶ ለመፈተሽ ጊዜ ያገኛል።

የሚላገው ቃጫው ወደሚወጣበት አቅጣጫ ነው። ገጹ ቢሻክር አቅጣጫው ይለወጥ። ሲጀመር ግፊቱ በፊተኛው፣ ሲጨረስ በኋለኛው ክፍል ላይ ያርፋል። በግርጌና በአናት ላይ ከሁለቱም ጫፍ ወደ መካከል ይላጋል፤ እስከ መጨረሻው ከተገፋ የጠርዙ እንጨት ተገንጥሎ ይወድቃልና።

ወቅቱስ? በክረምት መካከል እንጨቱ በሰፊው ደረጃው ላይ ስለሚሆን በሩ መቃኑን መንካቱን እንዳቆመ መላጉም ይቁም። በግድ የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ የሚነካውን ቦታ በእርሳስ አስምሮና ሰም ቀብቶ እስከ በጋ መጠበቅ ይሻላል። በበጋ የሚልግ ሰው ለመጪው ክረምት መስፋት ስፍራ ይተዋል። የተላገው ጠርዝ እንደ ደረቀ በቫርኒሽ ወይም በተልባ ዘይት ይሸፈን፤ ሽፋኑ እርጥበትን ጨርሶ ባይከለክልም ያዘገየዋል።

በቅርስ ላይ ግን ከመላጊያው የሚቀድመው ፈቃድ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ጥገና በሚመለከተው ባለሥልጣን ቅድሚያ እንዲፈቀድ ይደነግጋል።

ማጠቃለያ

«አሥሬ ለክተህ አንዴ ቁረጥ» የሚለው የሙያው ምክር ለመላግም ይሠራል፤ በእንጨት ሥራ ግን ከሚለካው ነገር አንዱ ወሩ ነው። የመቁረጫ ማዕዘኑን ለእንጨቱ፣ መጠኑን ለወቅቱ ያስማማ አናጢ በሩን ከክረምት ያሻግራል፤ ለበጋውም ይተርፋል። ወደፊት በጎንደር የጽድና የዋንዛ በሮች የእርጥበት ለውጥ ወር በወር ቢለካ፣ እዚህ በግምት የቀረበው ስሌት በቁጥር ሊተካ ይችላል። ሥራው የእርጥበት መለኪያ፣ ማስመሪያና የአንድ ዓመት ትዕግሥት ብቻ የሚጠይቅ በመሆኑ ለማስተርስ ተማሪ የሚመጥን ነው።