ከቦሌ እስከ ደለስ፦ መምጫውና መመለሻው አይተካከልም

እናትዎን ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሊያስመጡ ነው እንበል። ቀጥታው የአየር ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚበር፣ አካፍሎ «13 ሰዓት ነው» ማለት ይቀላል። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ከዚህ ወደ አገር ቤት ለሚሄደው ነው። ለሚመጣው ሦስት አራት ሰዓት ይጨምሩበት።

አንዱ ምክንያት ነፋስ ነው፤ እዚያ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ሂያጁን ከኋላ ይገፋል፣ መጪውን ከፊት ይገጥመዋል። ዋናው ግን ራሱ ቦሌ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያንሳቸዋል። ሙሉ መንገደኛ፣ ያ ሁሉ በርበሬና ሽሮ፣ ላዩ ላይ ደግሞ ለመንገዱ በሙሉ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሣት ይከብዳል። ስለዚህ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሣና መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል፤ ሮም፣ ደብሊንና ሎሜ በየጊዜው ማረፊያ ሆነው ያውቃሉ። ደለስ ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ የተነሣው አውሮፕላን ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል። (ደለስ ያልኩት የቨርጂኒያውን ነው። ከቴክሳሱ ዳላስ ጋር እንዳይምታታብዎ ትኬቱን ሁለቴ ይዩ።)

ማረፊያውን ለእናትዎ አስቀድመው ያስረዱ። የእኔዋ ጎማው መሬት ሲነካ «ተመስገን፣ ደረስን» ብላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዘንቢሏን ታቅፋ ከወንበሯ ተነሥታ ነበር። ነዳጅ ሲሞላ መንገደኛው ብዙውን ጊዜ ከአውሮፕላኑ አይወርድም። መድኃኒት ካላቸው በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ የሚወስዱበትን ሰዓት ሐኪማቸው አስልቶ ይንገራቸው። በየሁለት ሰዓቱ ተነሥተው እግራቸውን ያፍታቱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሰዓት አቆጣጠር ነው። ትኬቱ ላይ 22:30 ካለ በእኛ ከምሽቱ 4:30 ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሣ ከሆነ ደግሞ ቀኑ ተቀይሯል፤ «ማክሰኞ 00:30» ማለት ሰኞ ማታ ቦሌ መገኘት ነው። ስልክ ለመደወል እኔ የምጠቀምበት አቋራጭ አለ። ከአዲስ አበባው የሐበሻ ሰዓት በበጋ አንድ፣ በክረምት ሁለት ይቀንሱ፤ የዋሽንግተንን ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ያገኙታል። እዚያ ከቀኑ 8 ሰዓት ከሆነ እዚህ በበጋ ከጠዋቱ 7፣ በክረምት 6 ነው። በጋና ክረምት ያልኩት የአሜሪካውን ነው፤ ሰዓት የሚቀያይሩት እነሱ ናቸው።

ወደ አገር ቤት ሲሄዱ በረራው ቢያጥርም እንቅልፍ የሚያዛባው ይኸኛው ጉዞ ነው፤ ሰውነት ወደ ምሥራቅ መብረርን ቶሎ አይለምደውም። ለሠርግ ከሆነ የሚሄዱት፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድመው ይግቡ።