ጥናት፦ በሽልማቱ ራት ማን የት ይቀመጣል?

ወንድሞችና እህቶች፣ በስካውት ልጆች ዓመታዊ የሽልማት ራት ትኬት መሸጥ ክፉ አይደለም፤ ድንኳንም ገመድም በገንዘብ ይገዛልና። ነገር ግን ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የምትወርድ እናት የትኬቱን ዋጋ ከየት ታምጣ? ልጇ ሲሸለም በር ላይ ቆማ ትይ?

ባደን ፓወል በ1907 እ.ኤ.አ. በብራውንሲ ደሴት የመጀመሪያውን ካምፕ ሲያቋቁም የባለጸጎችንና የሠራተኞችን ልጆች ቀላቅሎ ነበር። የስካውት ዓርማም ተፈትኖ ላለፈ ልጅ እንጂ አባቱ ብዙ ስለ ሰጠ አይሰጥም።

ስለዚህ የተሸላሚ ወላጆች ያለ ክፍያ ይግቡ፤ ወንበርም በትኬት ዋጋ አይለይ። ገቢና ወጪው ልጆቹ ባሉበት ይነበብ (ይህን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን)።

ያዕቆብ 2፥1-4ን አንብቡ። ባለፈው ግብዣችሁ በፊት ወንበር የተቀመጡት እነማን ነበሩ? ተወያዩበት።