ከሩቅ ሆኖ ሥራ ስለሚጀምር ሠራተኛ አቀባበልና ሥልጠና

የርቀት ሥራ የሚባለው ሠራተኛው ወደ መሥሪያ ቤት ሳይሄድ፥ በቤቱ ወይም በመረጠው ስፍራ ተቀምጦ፥ በኮምፒዩተርና በኢንተርኔት አማካይነት የሚያከናውነው ሥራ ነው። በአንድ ዓላማ አብረው የሚሠሩ፥ ነገር ግን በአንድ ጣሪያ ሥር የማይውሉ ሠራተኞች ስብስብ ደግሞ የርቀት ቡድን ይባላል። ስለዚህ አሠራር አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ጥቅሙ ነው፤ የመንገድ ድካም መቅረቱ፥ የቢሮ ኪራይ መቀነሱ፥ ሠራተኛው በጊዜው ማዘዝ መቻሉ ይነሣል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ሥራውን ገና የማያውቅ ሰው ባልደረቦቹ ሲሠሩ ሳያይ ሥራውን እንዴት ሊማር ይችላል? የሚለው ነው። ጥያቄው እኛን ተማሪዎችን በቀጥታ ይነካናል፤ ከዩኒቨርስቲ ወጥቶ ወደ ሥራ የሚገባ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን አዲስ ሠራተኛ ነውና። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አሳቡ የዛሬ አይደለም። ጃክ ኒልስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1973 በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲ ሳለ፥ ሠራተኛው ወደ ሥራው ከሚጓዝ ሥራው በስልክ መስመር ወደ ሠራተኛው ቢጓዝ የመኪናው ጋጋታና የነዳጁ ወጪ ሊቀንስ እንደሚችል አሳይቶ ለአሠራሩ ስም አወጣለት። በዚያ ጊዜ መሣሪያው ገና ስለ ነበር አሳቡ ብዙ አልተራመደም። ኢንተርኔት ከተስፋፋ በኋላ ጥቂት ድርጅቶች በፈቃዳቸው ሞከሩት፤ በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ሲነሣ ግን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ሳይወዱ ገቡበት። በዚያን ጊዜ ነባሩ ሠራተኛ ሥራውንም ሰውንም አውቆ ወደ ቤቱ ገባ፤ አዲሱ ግን ሁለቱንም ሳያውቅ ከቤቱ ጀመረ። ሁለቱ የሚሠሩት በአንድ ዓይነት ኮምፒዩተር ይሁን እንጂ በእጃቸው የያዙት ስንቅ አንድ አልነበረም።

መሥሪያ ቤት ሳይናገር የሚያስተምረው

አንድ ሰው በቢሮ ሥራ ሲጀምር በይፋ የሚሰጠው ትምህርት ጥቂት ነው። አለቃው ግማሽ ቀን ያስረዳዋል፤ ደንቡን የያዘ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ወንበሩን ያሳየዋል። የቀረውን የሚማረው ከአንድ ሰው ሳይሆን ከሁሉም ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ነባር ሠራተኛ የተቆጣ ደንበኛ በስልክ ሲያነጋግር ድምፁን እንዴት እንደሚያለዝብ ይሰማል፤ የትኛው ደብዳቤ ዛሬውኑ መልስ እንደሚፈልግ፥ የትኛው ሳምንት ቢቆይ እንደማይጎዳ ያያል፤ አለቃው በምን ሰዓት ቢጠየቅ እንደሚሻል በሻይ ሰዓት ይነገረዋል። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመለስ አባቶቻችን ተርተዋል፤ ተረቱ ለመጥፎ ጠባይ ቢነገርም ምስጢሩ ለመልካሙም ያገለግላል፤ አብሮ መዋል ራሱ ትምህርት ነው።

በሀንጋሪ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር ያስተማረው ማይክል ፖላንዪ በ1958ና በ1966 ባሳተማቸው መጻሕፍት ይህን ዓይነቱን ዕውቀት መርምሮታል። እንደ እርሱ አሳብ፥ ሰው የሚያውቀው ሁሉ በቃል ተዘርዝሮ የሚያልቅ አይደለም። ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሚዛኑን እንዴት እንደሚጠብቅ ቢጠየቅ ማስረዳት ያቅተዋል፤ ሰውነቱ ግን ያውቀዋል። የሥራ ዕውቀትም አብዛኛው እንዲሁ ነው። ነባሩ ሠራተኛ «የምታውቀውን ሁሉ ለአዲሱ ንገረው» ቢባል ዋናውን ነገር ሳይነግረው ሊቀር ይችላል፤ ይህም ክፋት ኖሮበት ሳይሆን፥ ከልማድ ብዛት ዕውቀቱ ለራሱም ስለማይታየው ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከላይቤሪያ ይመጣል። ጂን ሌቭ የተባለች አሜሪካዊት የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ የቫይና የጎላ ሕዝቦች ልብስ ሰፊዎች የሙያ ልጆቻቸውን እንዴት እንደሚያስተምሩ በቦታው ተገኝታ አጥንታለች፤ ከኤትየን ዌንገር ጋር ሆና በ1991 ባሳተመችው መጽሐፍም ገልጻዋለች። በእነዚያ ሱቆች ጀማሪው መቀስ ይዞ ጨርቅ በመቁረጥ አይጀምርም። መጀመሪያ ቁልፍ ይተክላል፥ ጠርዝ ይዘመዝማል፤ ከዚያ ወደ ስፌቱ ይገባል፤ መቁረጥን የሚማረው በመጨረሻ ነው። ነገሩ በመጀመሪያ እይታ የተገለበጠ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት ጥበብ አለበት። አንደኛ፥ ጀማሪው ቢሳሳት ጨርቁ አይበላሽም። ሁለተኛ፥ ያለቀውን ልብስ በእጁ ይዞ ስለሚጀምር እያንዳንዱ ቁራጭ ለምን እንደ ተቆረጠ አስቀድሞ ይገባዋል። ይህን ምሳሌ እናስታውሰው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ርቀት ምን ያጎድላል?

በርቀት ቡድን ውስጥ ጀማሪው ሳያስበው ጆሮው የሚገባ ነገር የለም። የሚያየው የተላከለትን ብቻ፥ የሚሰማው የተጠራበትን ስብሰባ ብቻ ነው። በቢሮ ቢሆን ቀና ብሎ በሁለት ቃል የሚጠይቀውን ነገር አሁን ጽፎ መላክ አለበት፤ ሲጽፈው ደግሞ ሞኝነቱ በጽሑፍ የሚቀር ስለሚመስለው ያፍራል። ስለዚህ ዝም ይላል፤ ዝምታው ግን ከሩቅ ሲታይ የገባው ያስመስለዋል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ናታሊያ ኢማኑኤል፥ ኤማ ሀሪንግተንና አማንዳ ፓላይስ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ድርጅት የሚሠሩ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊዎችን መርምረዋል። ከወረርሽኙ በፊት አንዳንዶቹ ቡድኖች ሙሉ በሙሉ በአንድ ሕንፃ፥ ሌሎቹ ተከፍለው በሁለት ሕንፃዎች ይሠሩ ነበር። በአንድ ሕንፃ የነበሩት ስለ ሥራቸው የበለጠ እርማትና አስተያየት ያገኙ ነበር፤ ቢሮዎቹ በ2020 ሲዘጉ ግን ልዩነቱ በአብዛኛው ጠፋ። ከቅርበቱ ይበልጥ የሚጠቀሙት ወጣቶቹና ጀማሪዎቹ ሆነው ተገኙ። ይሁን እንጂ ሌላም ነገር ታየ፤ ከጀማሪዎች አጠገብ የነበሩት ነባሮች የራሳቸው ሥራ ይቀንስ ነበር። እንግዲህ የጀማሪው ትምህርት በነጻ የመጣ አልነበረም፤ ነባሩ ሠራተኛ በጊዜው ይከፍልለት ነበር።

ከሻንግሃይ የተገኘው ጥናትም ከዚህ ጋር ይስማማል። ሲትሪፕ በተባለው የጉዞ ድርጅት ከ2010 እስከ 2011 ባለው ጊዜ፥ የስታንፎርዱ ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ ለ9 ወር ባደረጉት ሙከራ፥ ከቤታቸው የሠሩት የስልክ መልስ ሰጪዎች የሥራ ውጤት በ13 ከመቶ ከፍ አለ። ይህ ቁጥር የርቀት ሥራን ለማመስገን ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ብዙ ጊዜ የማይጠቀሰው ግን ወደ ሙከራው ለመግባት ቢያንስ 6 ወር ያገለገሉ መሆን ግዴታ እንደ ነበር ነው። ማለትም የተሞከሩት ሥራውን በቢሮ የተማሩ ሰዎች ናቸው። ሙከራው አብቅቶ ምርጫ ሲሰጣቸው ደግሞ ብዙዎቹ ብቸኝነቱ ከብዷቸው ወደ ቢሮ ተመለሱ። ስለዚህ ጥናቱ «የተማረ ሰው ከቤቱ ሊሠራ ይችላል» ይላል እንጂ «ያልተማረ ሰው ከቤቱ ሊማር ይችላል» አይልም። ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

ጉድለቱ በምን ይሞላል?

አንዳንድ ድርጅቶች የሰጡት መልስ ሁሉንም ወደ ቢሮ መጥራት ነው፤ ያሁ በ2013፥ አይ.ቢ.ኤም. በ2017 ብዙ ሠራተኞቻቸውን መልሰዋል። ሠራተኞቹ በልዩ ልዩ አገር ለተበተኑበት ቡድን ግን ይህ መንገድ ዝግ ነው። የሚቀረው ቢሮው በአጋጣሚ ያስተምር የነበረውን አውቆና አስቦ ማስተማር ነው። ይህም ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ነው። ዋና መሥሪያ ቤት የሌለው ጊትላብ የተባለው ድርጅት የሥራ መመሪያውን በኢንተርኔት ለማንም ክፍት አድርጎ ያስቀምጣል፤ መመሪያው በመጽሐፍ መልክ ቢታተም ከ2,000 ገጽ በላይ ይሆናል። አዲስ አሠራር ሲወጣ መጀመሪያ በመመሪያው ይጻፋል፥ ከዚያ ለሠራተኛው ይነገራል። አዲስ ሠራተኛ በየቀኑና በየሳምንቱ የሚፈጽመው ዝርዝር ይሰጠዋል፤ መመሪያው ስሕተት ወይም ጉድለት ቢኖርበትም እንዲያርም ይበረታታል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ትልቅ ዋጋ አለው። ነባሩ በልማድ ያለፈውን ጉድጓድ የሚያየው የወደቀበት አዲሱ ስለ ሆነ፥ ጀማሪውን የመመሪያው አራሚ ማድረግ ድንቁርናውን ወደ አገልግሎት ይለውጠዋል።

ሁለተኛው ሰው ነው። ፖላንዪ እንዳሳየው በጽሑፍ የማይያዝ ዕውቀት አለና መመሪያ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጀማሪ አለቃው ያልሆነ አንድ ነባር ሠራተኛ አለማማጅ ሆኖ ይመደብለታል። ይህ ለአገራችን እንግዳ አሳብ አይደለም። በቅኔ ቤት መምህሩ ብቻውን ለሁሉ ስለማይደርስ፥ ቀደም ያለው ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ለጀማሪው ያስረዳል፤ ጀማሪውም መምህሩን ለመጠየቅ የሚፈራውን አስነጋሪውን አይፈራም። የርቀት አለማማጅም ሥራው ይኸው ነው። ነገር ግን «ጥያቄ ካለህ ጠይቀኝ» ማለት አይበቃም፤ የማያውቅ ሰው ምን እንደሚጠይቅም አያውቅምና። ይልቁንም ነባሩ በተወሰነ ሰዓት ኮምፒዩተሩን ለጀማሪው ገልጦ፥ ሥራውን እየሠራ የሚያስበውን ጮክ ብሎ ቢናገር፥ ጀማሪው በቢሮ አጠገቡ ተቀምጦ ሊያይ የሚችለውን በከፊል ያይለታል። በሌላ ቀን ደግሞ ጀማሪው ይሠራል፥ ነባሩ ይመለከታል።

ሦስተኛው የሥራው ቅደም ተከተል ነው። እዚህ ላይ ወደ ላይቤሪያ ልብስ ሰፊዎች እንመለስ። የዎርድፕሬስ ዶት ኮም ባለቤት የሆነውና ሠራተኞቹ በብዙ አገሮች የተበተኑት ኦቶማቲክ የተባለው ድርጅት፥ ማንኛውም አዲስ ሠራተኛ፥ የሒሳብ ሹምም ይሁን መሐንዲስ፥ የመጀመሪያ ሳምንቶቹን ለደንበኞች ጥያቄ መልስ በመስጠት እንዲያሳልፍ የማድረግ ልማድ ለብዙ ዓመታት ይዞ ቆይቷል። ይህ ቁልፍ ከመትከል የሚጀምረውን የልብስ ሰፊ ልጅ ይመስላል። ጀማሪው ያለቀውን ሥራ በተጠቃሚው እጅ ሆኖ ያየዋል፤ ቢሳሳትም ስሕተቱ በአንድ መልስ ይታረማል። ሥራውንም ከሌሎች ጋር ሆኖ ስለሚሠራው ሰው ያውቃል።

የሰዓት ልዩነትና የዋጋው ጉዳይ

ከአዲስ አበባ ሆኖ ለሩቅ አገር ድርጅት ለሚሠራ ወጣት ሌላ ችግር ይጨመርበታል። በሳን ፍራንሲስኮ የሥራው ቀን ጧት 3 ሰዓት ሲጀመር በአዲስ አበባ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ነው። ጧት የተነሣ ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ማታ ነው፤ በዚህ መካከል ጀማሪው ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል። ስለዚህ ለርቀት ጀማሪ አንድ ሥራ ብቻ መስጠት ስሕተት ነው፤ አንዱ መልስ ሲጠብቅ ወደ ሌላው እንዲሄድ ሁለት ሦስት ሥራ አብሮ ሊሰጠው፥ አለማማጁም በተቻለ መጠን ሰዓቱ ከሚቀራረብ አገር ሊመረጥለት ይገባል።

«ይህ ሁሉ ጊዜ ያባክናል» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፥ ጊዜ ይወስዳል። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው በቢሮም ጊዜ ይወስድ ነበር፤ ልዩነቱ በዚያ ማንም ሳይቆጥረው መከፈሉ ነው። በርቀት ሥራ ወጪው ስለሚታይ ብዙ ድርጅቶች ለመሰረዝ ይፈተናሉ፤ ወይም አለማማጅ ይመድቡና የዕለት ሥራውን ሳይቀንሱለት ይቀራሉ። እንዲህ ሲሆን ነባሩ በጀማሪው ይሰላቻል፥ ጀማሪው ይሸማቀቃል፥ ከጥቂት ወራት በኋላም «ልጁ ችሎታ የለውም» ተብሎ ይፈረድበታል። ያልተሰጠውን ትምህርት እንዳልተማረ ተቆጥሮ የሚሰናበት ወጣት ግን ችሎታው ገና አልተፈተነም።

ስለዚህ ከመካከላችን ከሩቅ ሥራ የሚቀርብለት ተማሪ ደመወዙን ብቻ አይጠይቅ። ሦስት ጥያቄዎች ይጨምር፤ አሠራራችሁ የተጻፈው የት ነው? አለማማጄ ማን ነው? እርሱ ለእኔ የሚያውለው ሰዓት ከሥራው ይቆጠርለታል ወይ? ለሦስቱም የተዘጋጀ መልስ ያለው ድርጅት ጀማሪን ለመቀበል አስቦበታል። መልስ የሌለው ግን የሚፈልገው ሌላ መሥሪያ ቤት በራሱ ጊዜ ያስተማረውን ሰው ነው፤ እንዲህ ባለው ስፍራ ለመጀመሪያ ሥራ የሚገባ ሁሉ ይህን አውቆ ይግባ።