ሰብር ማለት ዝም ማለት አይደለም

በየሆስፒታሉና በየአረጋውያን መጦሪያው የምትሠሩ ብዙ ናችሁ። እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ በሙያችን የምናውቀው አንድ ነገር አለ። ብረት ለአንድ ጊዜ በቀላሉ የሚሸከመው ጭነት፣ በሺዎች ጊዜ ሲመላለስበት ይሰነጥቀዋል። ስንጥቁም መጀመሪያ ላይ ለዓይን አይታይም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የሥራ መዛልን ሲተረጉም ሦስት ነገሮችን ጠቅሷል፤ አቅም መሟጠጥ፣ ሥራውን በልብ መሸሽ፣ "የምሠራው አይረባም" ማለት። ሁለተኛው ነው እኛን የሚያሳስተን። ለታማሚው ማዘን ያቃታት ነርስ "ኢማኔ ደክሞ ነው" ብላ ራሷን ትወቅሳለች። ድርጅቱ ግን መነሻው መላ ያልተበጀለት የሥራ ቦታ ጫና ነው ይላል።

ስለ ጭንቀት ማውራት የፈረንጅ ፋሽን ነው የሚሉም አሉ። ከ1000 ዓመት በፊት የኖረው ሙስሊም ሊቅ አቡ ዘይድ አል በልኺ የአካልንና የነፍስን ጤና በአንድ መጽሐፍ ጽፎታል!

ስለዚህ ተጨማሪ ፈረቃ ስትጠየቁ አንዳንዴ እምቢ በሉ። አሜሪካ ያላችሁ፣ ከከበዳችሁ 988 ላይ ቀንም ሌሊትም በነጻ የሚያናግራችሁ አለ። እናታችሁ ከሌሊት ፈረቃ ስትገባ ደግሞ ስልካችሁን አስቀምጡና "ዛሬ ምን ከበደሽ?" ብላችሁ ጠይቋት።