ጥናት፦ መኪና የማይወጣበት እሳት

በ1992 ዓ.ም. የባሌና የቦረና ደኖች ሲቃጠሉ ወታደሮች፣ ተማሪዎችና ገበሬዎች በእግር ወጥተው ታገሉት። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲነድም ከእስራኤል እሳት ተከላካዮች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፤ ገደሉ መኪና አያስኬድምና።

የእኛም ጭላሎ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ላዩን የሸፈነው አስታ በደረቅ ወራት እርጥቡ ሳይቀር ይነዳል፤ ሙቀቱ ሲጨምር፣ ዝናቡ ሲዘገይ አደጋው ይብሳል።

እንግዲህ ለአሰላ የእሳት አደጋ መኪና ይጨመር ስንል እንጠይቅ፦ እስከ የት ይወጣል? ውኃ ከየት ይሞላል? መኪናው መንደሩንና የደኑን ዳር ይጠብቃል። ከዚያ በላይ እሳቱን የሚገታው አስቀድሞ የተመነጠረ መስመር፣ አካፋና የሠለጠነ ሰው ነው።

ለውይይት፦ ተራራው ላይ ጭስ ቢታይ በቀበሌያችን ማን ይጠራል? ማንስ ይወጣል?